ሞክሼ የሌለው ቁጥር

መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት ብቻ ይዞ አይገባም፤ እፍረቱንም ይዞ ይገባል። ኪንታሮት ያሠቃየው፣ እንቅልፍ የከዳው፣ ፅንስ አልይዝ ያላት፣ ከትዳሩ ውጭ ሄዶ በሽታ ሸምቶ የመጣ፣ ሁሉም ባንኮኒው ፊት ሲደርስ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ታሪኩን የምነግራችሁ ባለመድኃኒት ቤት ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የሸጠውን ውስጡን በማያሳይ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። አወሳሰዱን የሚያስረዳው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ነው። መንገድ ላይ ደንበኛውን ቢያገኝ «ተሻለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ አብሮት የሚሄደው ሰው «ምን ሆነህ ነበር?» እንዳይለው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ መቃብር» የሚል ስም ያወጣለትም ለዚህ ነው፤ እሱ ዘንድ የገባ ነገር አይወጣም ለማለት።

«ለመድኃኒት ሻጭ መቃብር ብሎ ስም!» እያለች ሚስቱ ትስቅበታለች። «‹መድኃኒቴን ከመቃብር ነው የምገዛው› ሲሉ በሽተኞቹን አይቀፋቸውም?» እሷ አዋላጅ ነርስ ናት። እሱ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ስሙን በልቡ ይወደው ነበር።

አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ የመድኃኒት አከፋፋይ ኩባንያ ወኪል መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይለይ ወጣት ነው። የያዘውን ታብሌት ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ አሠራሩን አስረዳ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር የስልክ ቁጥሩና የገዛው መድኃኒት ይመዘገባል። ደንበኛው ቅናሽ ያገኛል፤ መድኃኒቱ ሊያልቅበት ሲልም መልእክት ይደርሰዋል። መድኃኒት ቤቱ በበኩሉ፣ እጥረት ሲመጣ ከሌሎቹ ቀድሞ መድኃኒት ያገኛል።

«ስማቸውስ?» አለ ባለመድኃኒት ቤቱ።

«ስም ምን ያደርግልናል ጋሼ? ቁጥር ብቻ ነው።»

ልቡን ያሸነፈው እጥረት የሚለው ቃል ነው። የስኳር ሕመምተኛን «የለም» ብሎ የመመለስን ጭንቅ ያውቀዋል። ታብሌቱ ላይ ረጅም ጽሑፍ ተደርድሯል፤ ከሥሩ «እስማማለሁ» የምትል ቁልፍ አለች። መነጽሩን አድርጎ ሁለት መስመር ያህል አነበበ። ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል።

«ይሄን ሁሉ ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አለ ወኪሉ እየሳቀ። «እኔ ራሴ አላነበብኩትም።»

ባለመድኃኒት ቤቱም ሳቀና ቁልፏን ተጫናት። በዚያች ቅጽበት የተስማማው ስለ ራሱ አልነበረም፤ እዚያ ቆመው ይጠብቁት ስለነበሩት ሰዎች ነው። ከእነሱ አንዱን እንኳ ዞር ብሎ «ትስማማለህ?» አላለም።

ማታ ራት ላይ ለሚስቱ በደስታ ነገራት። እሷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«የሰዎቹን ቁጥር ለኩባንያ ልትሰጥ?»

«ስም የለበትም እኮ። ቁጥር ነው።»

«ስም እንኳ ሞክሼ አለው! በእኔ ስም የምትጠራ እዚያው ሥራ ቦታዬ ሞልታለች። ስልክ ቁጥር ሞክሼ አለው እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ይፈራል?»

«እሺ፣ የምትደብቀው ከሌለህ የመኝታ ቤታችንን መጋረጃ አውልቀውና እንደር።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ሰዎቹ የነገሩት ለአንተ ነው» አለች። «ለኩባንያው መንገር ቢፈልጉ ኩባንያው በር ላይ ይሰለፉ ነበር። እኔ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ስንቱን ሰምቼ በሩን ዘግቼ ወጥቻለሁ። የሰማሁት የእኔ አይደለማ፤ ለማን እሰጠዋለሁ?»

«ዘመኑ ነው፤ ዓለም የሚሠራው እንዲህ ነው። አንቺን የሰማሁ እንደሆነ በኩራዝ ነው የምሠራው» ብሎ ወደ ራቱ ተመለሰ። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም። አፉ እስካልተናገረ ድረስ ምስጢር የወጣ አልመሰለውም።

ደንበኞቹም ቅናሹን ወደዱት። «ስልክሽን ንገሪኝ» ይላል እንደ ልማዱ በሹክሹክታ፤ ይነግሩታል፤ እሱ ይጽፋል።

ከደንበኞቹ አንዷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ቀልደኛ ናት፤ ከሥራ በኋላ ጎራ ብላ «ጋሼ፣ ዛሬም መሪ ስዞር ውዬ እጄ እንጨት ሆኗል፤ ለእሱ መድኃኒት የለዎትም?» ትለዋለች። የምትገዛውን መድኃኒት ግን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ያንን» ትላለች፤ እሱም ያቀብላታል። «ያንን» የምትለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው። የሚወስደው እሷ ሳትሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነች ልጇ ናት። ልጅቷ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ወድቃ አታውቅም፤ መታመሟንም ከእናቷ፣ ከሐኪሟና ከባለመድኃኒት ቤቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ራሷ ናት እንዲህ እንዲሆን የፈለገችው። የወደቀን ሰው የነካ ይጋባበታል ብለው ከሚሸሹ ሰዎች ጋር ነበርና የምትኖረው።

ሹፌሯ አንድ ከሰዓት በኋላ ደንብ ልብሷን ሳትለብስ መጣች። ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ለማን ነው የተናገሩብኝ?»

«ምኑን?»

«የልጄን ነገር።»

«እኔ? ከአፌ? ልጆቼን ይንሳኝ...»

«አይማሉ!» አለች። «ከመሪ አውርደውኛል። አሁን ጋራዥ ውስጥ የአውቶቡስ ወንበር አጣቢ ነኝ።»

የስምሪት ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ፣ ኢንሹራንሱ በእሷ የተነሳ ውል አላድስም ማለቱን ነግሯት ነበር። እጁ በገባው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚገዙ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የእሷ ስልክ ቁጥር ተገኝቷል። የጤና ምርመራ አድርጋ ጤነኛ መሆኗን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ወሰደች። ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ «ታዲያ መድኃኒቱን ማን ነው የሚውጠው? ትሸጪዋለሽ እንዴ?» አላት።

«ምን አልሽው?» አለ ባለመድኃኒት ቤቱ።

«ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። እኔ ከተናገርኩ ልጄን አሳልፌ ሰጠኋት፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ምን አበላታለሁ?» ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «በስሜ አይደለም እኮ የመጡብኝ፤ በስልክ ቁጥሬ ነው። ስልኬን ደግሞ...»

ዐይኗ ባንኮኒው ላይ ባለው ታብሌት ላይ አረፈ። የእሱም ዐይን ተከትሏት ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትሰድበው በወደደ ነበር። እሷ ግን ቆማ አየችውና ሳትሰናበተው ወጣች።

ወዲያው ለወኪሉ ደውሎ የሆነውን ነገረው።

«ጋሼ፣ ስም አልሰጠንም እኮ» አለ ወኪሉ በትሕትና። «የሰጠነው ቁጥር ነው።»

«ቁጥሩ እሷ ናት! በማን ፈቃድ ነው የሸጣችሁት?»

«በእርስዎ። ውሉ ላይ አለ፤ ለአጋር ድርጅቶችና ለሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ማስተላለፍ እንችላለን ይላል።»

«መንግሥት ደግሞ በሰው ክኒን ምን አገባው?»

«አይ ጋሼ፣ መንግሥት ሲጠይቅ ማን እምቢ ይላል? እኛ እንል? እርስዎ ይላሉ?»

«እሺ፣ አጥፉልኝ። የሁሉንም አጥፉልኝ።»

«አንዴ የገባ የኩባንያው ንብረት ነው። ደግሞ አሁን ያለው እኛ ጋ ብቻ አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቴን ነው ጋሼ፣ የት የት እንደደረሰ እኔም አላውቅም።»

በማግሥቱ ባለመድኃኒት ቤቱ ሱፉን ለብሶ አውቶቡስ ድርጅቱ ሄደ። ደጅ ጠንቶ ከስምሪት ኃላፊው ፊት ቀረበ። ሹፌሯ በሽታው እንደሌለባት፣ መድኃኒቱን የምትገዛው ለሌላ ሰው እንደሆነ በሙያው ማለ።

«ለማን?» አለ ኃላፊው።

«እሱን መናገር አልችልም። የሕመምተኛ ምስጢር ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። ሰውየው የመሳለቅ ፊት አልነበረውም፤ በእውነት ግራ ገብቶታል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ መረጃውን የሰጡትም እርስዎ፣ ምስጢር ነው የሚሉትም እርስዎ። የትኛውን ልመን?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የኃላፊው ጸሐፊ ጽሕፈቷን አቁማ ታየዋለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ። ኮፍያውን ረስቶ ወጣ፤ ተመልሶ ለመውሰድም አፈረ።

ነገሩን የፈታችው ልጅቷ ናት። እናቷ ስታለቅስ ሰምታ፣ ምክንያቱንም ተረድታ፣ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት የሄደች መስላ ወደ ድርጅቱ ሄደች፤ በደንብ ልብሷ ከነቦርሳዋ ኃላፊው ፊት ቆማ «መድኃኒቱ የእኔ ነው» አለች። ኃላፊው ደነገጠ፤ ይቅርታም ጠየቃት። እናቷ ወደ መሪዋ ተመለሰች። ጸሐፊዋ ግን ልጇን የምታስተምረው እዚያው ልጅቷ የምትማርበት ትምህርት ቤት ነበር። ክፉ አላሰበችም፤ «አደራ፣ ድንገት ከወደቀች እንዳትነካት» ብላ ልጇን ማስጠንቀቋ ነው። ወሬው ከዚያ በኋላ ማን ይይዘዋል? ከልጅቷ ጎን የምትቀመጠው ጓደኛዋ ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ወንበር ፈለገች።

ባለመድኃኒት ቤቱ ይህን የሰማው ከሚስቱ ነው። «አላልኩህም ነበር?» ትለኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሷ ግን እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ይህ ከወቀሳ ሁሉ ባሰበት።

ታብሌቱን መለሰ። ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ያደረገውን በግልጽ ይናገር ጀመር፤ «ቁጥርዎንና የገዙትን ሳላስፈቅድዎ ለኩባንያ ሰጥቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። አንዳንዱ መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ። አንዲት አሮጊት «እኔንስ እግዜር ያውቀኛል፤ አንተን ግን እንዲህ አላውቅህም ነበር» አሉት። ጥቂቶች ደግሞ «ምን ችግር አለው ጋሼ፣ እኔ የምደብቀው የለኝም» አሉና ቅናሹ ቀረ ብለው ቅር ተሰኙ። እነዚህኞቹ ይበልጥ አሳፈሩት፤ የገዛ ራሱን ድምፅ በእነሱ አፍ ይሰማ ነበርና። ኩባንያው በበኩሉ ከወረፋው መጨረሻ አሰለፈው፤ መደርደሪያው ሳሳ።

በመጨረሻ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሹፌሯ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችለት ልጅቷ ናት። እናቷ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችውና ወንበር ሳበችለት፤ «ይቀመጡ» አለችው። እሱ አልተቀመጠም። በልጁ ዕድሜ ባለች ልጅ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። በጎ አስቤ ነው፣ ለእጥረቱ ብዬ ነው ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

ልጅቷ በትዕግሥት ሰማችው። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ማን ማን ነው የሚያውቀው?»

የሰፈሩን ሕመም ሁሉ የሚያውቀው ሰው ለዚህ መልስ አልነበረውም። «አላውቅም» አለ።

«የትምህርት ቤት ልጆቹንስ ለየኋቸው፤ ሲሸሹኝ ያስታውቃሉ» አለች። «ሌሎቹን ግን? ነገ ሥራ ልጠይቅ ብሄድና እምቢ ቢሉኝ፣ አውቀው ይሁን ሳያውቁ በምን እለያለሁ?»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም የሚያይበት አጥቶ መሬት መሬቱን አየ።

ወገኖቼ፣ ከአፍ ያመለጠ ወሬ ቢያንስ ማን ጆሮ እንደገባ ይታወቃል፤ ሰሚውን ፈልጎ «አደራ» ማለት ይቻላል። እንዲህ በአንድ ቁልፍ የወጣው ግን ጆሮው አይታወቅም፤ አደራ የሚባል ሰውም የለውም። ስለዚህ የሌላ ሰው ነገር በእጃችሁ ያለ ሁሉ፣ ሐኪም ብትሆኑ፣ አስተማሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የጓደኛውን ፎቶ በስልኩ የያዘ ወጣት ብትሆኑ፣ «እስማማለሁ» ከማለታችሁ በፊት ዞር በሉና ከኋላችሁ የቆሙትን ጠይቁ። እነሱ እምቢ ካሉ እምቢ በሉ። ባለመድኃኒት ቤቱ አሁን የሚሠራው እንዲህ ነው። ልጅቷ ለጠየቀችው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።