የጎን ቀዳጁ ግንባር

መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ነገ ጎኗን ቀድጄ እንደ ጨረስኩ ይምጡ፤ ለሌላ ሰው የማልነግረው ነገር አለ።» ላኪው በምዕራቡ ዳርቻ ያለው የግነዛ ቤት ጎን ቀዳጅ፣ የሬሳ ጎን ከፍቶ የሆድ ዕቃ የሚያወጣው ኢፒ ነው፤ የተላከውም ለማኅተም ሹሟ ለሰንብቲሲ ነው። ሰንብቲሲ ሁለት ጠባቂዎቿን አስከትላ ስትደርስ ግን ኢፒ ከቤቱ ፊት ካለው ትልቅ ሾላ ወዲያ፣ ከቦዩ ዳር በጀርባው ተዘርግቷል። ግንባሩ ተፈርክሷል።

«ወይ ጉድ! አንድ ቀን እንኳ አልታገሡህም?» አለች።

ውስጥ፣ በድንጋዩ ገበታ ላይ የተኛችው ንጉሣችን ናት። ሴት ናት፤ ግን የንጉሥ ጢም አስራ፣ ዘውድ ደፍታ ዐሥራ አንድ ዓመት ገዛችን፣ እኛም በእሷ ጊዜ ጠግበን አደርን። ስትሞት እፎይ ያሉ ነበሩ፤ ባይናገሩትም ፊታቸው ያሳብቅባቸው ነበር። አዲሱ ንጉሥ ዛሬ ማምሻውን በመርከብ ይገባል። የሟቿ ሹም ናትና፣ የሰንብቲሲ ሥልጣን የሚሠራውም እስከዚያው ነው።

ገዳዩ ተይዟል ተብሎ ደግሞ የኢፒ ታናሽ ወንድም ካይ፣ ያ ገና ግነዛ የሚማረው፣ ከምሰሶ ታስሯል። የንጉሥ ገላ የቀደደ ሰው ይረክሳልና፣ ቀድዶ ሲጨርስ ባልደረቦቹ ጓል እየወረወሩ ያባርሩታል፤ እሱም ሮጦ ወደ ቦዩ ሄዶ ይታጠባል። ወግ ነው እንጂ ማንም አይመታውም። የቤቱ አለቃ መርሩ ግን «ካይ በጓሉ ፈንታ ድንጋይ ወርውሯል» አለ። መርከቡ ሲደርስ ካይ ይሰቀላል።

«ትናንት ተጣልተን ነበር» አለ ካይ እንባውን በትከሻው እየጠረገ። «'ከዚህ ቤት ውጣ' አለኝ። ለምን ስለው አልነግርህም አለ። ተናደድኩ፣ እሜቴ። ግን ወንድሜን? እንዴት አድርጌ?»

«ጓልህ የት ወደቀ?»

«ከሾላው ወዲህ።»

ሰንብቲሲ ከበሩ ደፍ ተነሥታ በእርምጃ ለካች። እስከ ሾላው ሃያ፣ ከሾላው እስከ አስከሬኑ ሌላ ሠላሳ። ከዚያ ጸሎት አንባቢውን ካህን ነህሪን ጠራችው።

«ስትወረውሩ በር ላይ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ካይና ውኃ ቀጂዋ ዴዴት ነን። ጎን ለጎን ቆመን ነበር፤ ደፉን ያለፈ የለም።»

«አለቃችሁስ?»

«መርሩማ የግነዛውን አምላክ የቀበሮ ጭንብል አጥልቆ ከንጉሧ ራስጌ ቆሞ ነበር። ዞር ባልኩ ቁጥር አይቼዋለሁ።»

«ተናግሯል?»

«ቀበሮ ይናገራል እንዴ፣ እሜቴ?»

አሮጊቷ ዴዴት እንስራዋን አቅፋ ቀረበች።

«ጭንብሉን ሲያጠልቅ ማን ነው የሚመራው?» አለቻት ሰንብቲሲ።

«ማን ይመራዋል፣ እኔው ነኛ! ሸክላ ነውና ጭነት ነው፤ የማያ ቀዳዳው ከአንገቱ ሥር ስለሆነ ከእግሩ ጣቶች በቀር አያይም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እጁን ይዤ አዞርኩት። ሥርዓቱንም ከእሱ ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ዛሬስ?»

ዴዴት ቅንድቧን ሰበሰበች። «ዛሬ አልጠራኝም። ከበር ስንመለስ አውልቆ ተቀምጦ ነበር። አዝኖ ነው ብዬ ተውኩት።»

መርሩ ራሱ ማር የተቀባ አፍ ነበረው። «አይድከሙ፣ እሜቴ። ልጁ ወንድሙን ጠላ፣ መታው፣ አለቀ።» ሰንብቲሲ አፉን አላየችም። እግሩን ስታይ ቆየችና፣ ከገበታው ራስጌ ወዳለው የፍሳሽ ቀዳዳ ሄዳ ጎንበስ አለች። ሰው ያሳልፋል፤ መውጫውም በቦዩ ውኃ ውስጥ ነው።

ሁሉንም በንጉሧ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ኢፒ እየሸሸ ነበር። የበሩ ሰው መትቶት ቢሆን የሚፈነከተው ማጅራቱ ነው።»

«ዞር ብሎ ይሆናል» አለ ነህሪ።

«ይሁን። ከሾላው የማያልፍ ክንድስ ሃምሳ እርምጃ ሄዶ አጥንት ይሰብራል? ከፊቱ የጠበቀው ሰው ነበር። እናንተ ሦስታችሁ ተያይታችኋል። የቀረው ቀበሮው ነው።»

«እኔ እዚሁ ነበርኩ! ሁሉም አይቶኛል!» ብሎ ጮኸ መርሩ።

«ያዩት ጭንብሉን ነው።» በጥጉ የቆመውን ነገር የሸፈነውን የበፍታ ጨርቅ ገፈፈች። በረጅም መቆሚያ ላይ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ትከሻውን የሸክላ ብናኝ አልብሶታል። «ጨርቁን ለብሶ ጭንብሉን የተሸከመው ይሄ ነው። አሁን ሁላችሁም እግራችሁን እዩ።»

አዩ። የማድረቂያውን ጨው ሦስት ቀን ሲረግጡ ስለከረሙ የሁሉም እግር ዱቄት የነካው ይመስል ነጥቷል። የመርሩ ግን እስከ ጉልበቱ ንጹሕ ነው።

«ሥርዓቱ እስኪያልቅ ከጎን ቀዳጁ በቀር ለማንም መታጠብ አልተፈቀደም። ጨውህን ያጠበው የቦዩ ውኃ ነው፤ በቀዳዳው ወጥተህ በውኃው ዞረህ ከሾላው ወዲያ ተከልለህ ጠበቅኸው። አለቃውን ሲያይ ቆመልህ።»

«ለምን?» አለ ካይ። «ምን አደረገህ?»

«የሆድ ዕቃዋን ማሰሮዎች ቁጠሩ» አለች ሰንብቲሲ። «ለሳንባ፣ ለጉበት፣ ለጨጓራ፣ ለአንጀት አራት ይበቃሉ። ስም ያልተጻፈበት አምስተኛው ለምኗ ነው?»

ዴዴት አፏን በእጇ ያዘች። ልብ ከገላ አይወጣም፤ በፍርድ ቀን የሚመዘነው እሱ ነው። ልቧን የተነጠቀች ንጉሥ አትነሣም።

መርሩ ትከሻው ወደቀ፤ ከዚያ ግን ሳቀ። «አዎ፣ አውጣ አልኩት፣ እምቢ አለ። ለእርስዎ ሊናገር ነበር። ያዘዘኝ ማን ይመስልዎታል? መርከቡ ላይ ነው ያለው! ለማን ሊከሱኝ ነው? ደግሞ እኔን ካሰሩኝ ማን ቀበሮ ይሆናል? ያለ ቀበሮ ሥርዓት የለም። እዚሁ ትበሰብሳለች።»

ነህሪ አንገቱን ደፋ። «በዚህስ እውነቱን ነው።»

ዴዴት እንስራዋን አስቀመጠች። ጭንብሉን በሁለት እጇ አንሥታ ራሷ ላይ ደፋችው።

«አንቺ? ሴት ሆነሽ?» አለ ነህሪ።

«እዚያ የተኛችውስ ምንድን ናት?» የሚል ድምፅ ከሸክላው ውስጥ ወጣ። «አንብብ፣ አትቁምብኝ!»

ሰንብቲሲ የካይን ገመድ ፈትታ መርሩን አሰረችበት። «ልጄ፣ ቀዳዳውን በድንጋይ ድፈን። ከዚያ የዴዴትን እጅ ይዘህ ምራት። የንጉሧ ልብ እዚያው እንዳለ ቁስሉን ዝጉት። እስክትጨርሱ እንዳትወጡ።»

«እርስዎስ፣ እሜቴ? ቢገድሉዎትስ?»

ሰንብቲሲ ወደ በሩ ሄደች። ፈርታ ነበር። ጠባቂዎቿ መርሩን እየጎተቱ ከኋላዋ ወጡ። በሩን ከውጭ ዘግታ፣ ጭቃ ለጥፋ ማኅተሟን አተመችበት፤ ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

መርከቡ ደረሰ። የአዲሱ ንጉሥ የጦር አዛዥ ወታደሮቹን አስከትሎ ሽቅብ መጣ፤ በመጀመሪያ የታሰረውን መርሩን፣ ቀጥሎ በሩን አየ።

«ይሄ በር በማን ትእዛዝ ነው የታሸገው?»

«በንጉሧ» አለች ሰንብቲሲ፤ ከደፉም አልተነሣችም።