ነጭ ለባሿ የክርስትና እናት

የቪዲዮ ቤት ባለቤቱ ስማቸው፣ ሳጅን አየነውን የሰደበው በ2004 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ቦታው ዳንግላ፣ የራሱ የስማቸው ቪዲዮ ቤት፤ ምስክሩ ደግሞ አግዳሚውን ሞልቶ የተቀመጠ ሰው። አየነው ከኋላ በኩል ቦታ ሲፈልግ ስማቸው ጮክ ብሎ፣ «ሳጅን፣ የስምንተኛ ክፍል ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ አስተርጓሚው አጠገብ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ማን እንደሳቀ፣ ማን አፉን በነጠላ እንደሸፈነ አየነው ዛሬም በስም ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን ረግጦ አያውቅም ነበር።

የረገጠው በግንቦት 2006 ዓ.ም.፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስማቸው ሞተ ተብሎ ሲጠራ ነው።

ሟቹ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው፣ በጓሮ በኩል በምታስገባው የጀነሬተር ክፍል በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው ትልቅ መፍቻ አጠገቡ ወድቋል። የዕለቱ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ ፊልሙ የታየው በጀነሬተር ነበር፤ ሞተሩም ገና አልጠፋም። አየነው በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስጠፋው። ያኔ ነው ደጅ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ድምፅ የተሰማው። ሕፃኑ ሲያለቅስ ቆይቷል፤ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ግን አልሰሙም።

አየነው ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። የቤንዚን ጄሪካኑ በክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል፤ ከክዳኑ ሥር ጥቁር ፌስታል ታጥፎ ገብቷል። ቤንዚን የጠጣ ቡትቶ ጨርቅ ደግሞ ከጎኑ ተጥሏል። የሞተሩ ታንከር ሞልቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ሕፃኑ የሟቹና የሚስቱ የደጊቱ ልጅ ነው። ስምንት ወሩ ነው። ፊልሙ አልቆ ባሏን ልትጠራ ስትገባ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነበረች። ጩኸቷን ሰምተው የደረሱ ሚሊሻዎች ወዲያውኑ ለብቻዋ ስላስቀመጧት ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ነጠላዋ ላይ ደም አለ፤ ጠዋት ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅም ጎረቤት ሰምቷል። ይህ ከእንጅባራ ለመጣው ለኢንስፔክተር ፀጋው በቂ ነበር። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው እሷን ይዞ ወደ እንጅባራ እንደሚሄድ ተናገረና ወደ አየነው ዞረ።

«እስከዚያ የተመልካቾቹን ስም መዝግብ። ስም መጻፍ መቼም አያቅትህም።»

አየነው ደብተሩን ተቀበለ።

አርባ የሚሆን ሰው በአንድ ነገር ተስማማ። ፊልሙ መሃል ላይ ለእረፍት ሲቆም ስማቸው ብቅ ብሎ የፊልሙ ጣፋጭ ክፍል ገና እየመጣ ነው ብሏል። እንግዲህ የተገደለው በሁለተኛው አጋማሽ ነው። ከስማቸው ጋር ቅሬታ የነበራቸው ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ደጊቱ፣ የአባታችን ቤት ነው እያለ የሚከራከረው ታናሽ ወንድሙ ወርቅአየሁ፣ እና ቪዲዮ ቤቱን አብሮት የከፈተው አዝመራው። በሩ አናት ላይ «ስማቸውና አዝመራው» የሚለው ሰሌዳ ከፋሲካ ወዲህ «ስማቸው» ብቻ ሆኗል። ሁለቱ ወንዶች አዳራሽ ውስጥ ነበርን ባዮች ናቸው። ቤቱ ጨለማ፣ ሰው በሰው ላይ፤ ማን ማንን አየ?

አየነው ስም ብቻ አልመዘገበም። እያንዳንዱን ሰው ፊልሙ እንዴት እንደነበረ ጠየቀ። ፀጋው ይህን ሲሰማ ሳቀ።

ፊልሙ ቀልደኛ የህንድ የፍቅር ፊልም ነው፤ ከፊት ተቀምጦ በአማርኛ የሚያስተረጉመው አወቀ የሚባል ወጣት ነው። ቤተሰቡ ሊድረው የፈለገ ልጅ ለማምለጥ ሲል አንዲት ልጅ እጮኛ መስላ እንድትታይለት ይለምናታል፤ ኋላ ከምር ይዋደዳሉ። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሸጋ፣ ዘፈኑ በዛ፣ ሽማግሌ ቢልኩ ኖሮ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር አለች። ወርቅአየሁ ግን ወንድሙ ሞቶበት ፊቱ ጠቁሮ እንኳ ፊልሙ ሲነሳበት ተናደደ።

«ያቺ የክርስትና እናቱ ናት ነገሩን ያበላሸችው። ከቤተ ክርስቲያን መጥታ በሰው ትዳር መግባት ምን ይባላል?»

አየነው ጻፈ። ቀጥሎ ወደ ታሰረችው ደጊቱ ሄደ። ጡት እያጠባች ነበር። ፊልሙን ጠየቃት።

«እኔ በር ላይ ነው የምቀመጠው፤ አይቼ አላውቅም» አለች። «ዛሬ ከእረፍት በኋላ ግን ያ አወቀ፣ ‹የክርስትና እናቱ መጡ፤ ከቅዳሴ በቀጥታ፤ ጠበሉ እንኳን አልደረቀላቸውም› ሲል ቤቱ ተንጫጫ። እኔም ሳቅሁ። ይግረምዎ፣ ያን ሰዓት ሳቅሁ።»

ስለ ጄሪካኑም ጠየቃት። ባሌ ክዳኑን ጣል አድርጎ በጨርቅ ነበር የሚወትፈው፤ የዛሬውን ጨርቅ ጠዋት የሰጠሁት እኔ ነኝ አለችው።

አዝመራው አውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ሞተር የሚጠግንባት ሱቅ አለችው። አየነው ሲገባ በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጄሪካኖች አየ። የእያንዳንዱ ክዳን ከሥሩ የፌስታል ጫፍ አውጥቷል። ስለ ፊልሙ ጠየቀው።

«ቀልድ ነው ይሉታል እንጂ እኔን አሳዝኖኛል» አለ አዝመራው። «ያቺ ነጭ የለበሰችው አክስቱ፤ ባሏ የሞተባት። እሷን እያየ ሰው እንዴት ይስቃል?»

ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ አየነው ሁሉንም ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ። ደጊቱ እጇ ታስሮ ከፊት ተቀመጠች፤ ልጇን ሸጋ ይዛላታለች። ፀጋው ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆመ።

አየነው በመጀመሪያ አስተርጓሚውን አወቀን አስነሳ። አወቀ የአዘና ገጠር ልጅ ነው፤ አገውኛና አማርኛ እንደ ውኃ ይናገራል፤ ህንድኛ ግን ያውቅ እንደሆነ አየነው በሰው ፊት ጠየቀው።

አወቀ አንገቱን ደፋ። «አንድ ቃል አላውቅም፣ ሳጅን። ከፊታቸው እያየሁ ነው የምተረጉመው። ሴትዮዋ ነጭ በነጭ ስትሆን ጊዜ ከቅዳሴ የመጣች መሰለችኝ። የክርስትና እናት አልኳት።»

«እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ትናንት ያያት የክርስትና እናት ናት» አለ አየነው። «እነሱ አገር ነጭ የምትለብሰው ባል የሞተባት መሆኗን ማን ያውቃል? አዝመራው፣ አንተ ከየት አወቅህ?»

«ባለፈው ሳምንት እንጅባራ አይቼዋለሁ፤ በአማርኛ ተቀድቶ። የአወቀን ውሸት ለምን እቀበላለሁ?»

«አትቀበል። ግን ሴትዮዋ ስትመጣ ሰው ሁሉ ሲስቅ እዚህ ነበርክ ብለሃል። አወቀ ምን ብሎ ነው ያሳቃቸው?»

አዝመራው ወደ አወቀ ዞረ። አየነው ሰውን ዞሮ አየና ሸጋን ጠየቃት፤ ‹ጠበሉ እንኳን አልደረቀላቸውም› ብላ የአወቀን ቃል መለሰችለት። ወርቅአየሁም መለሰ። ሌሎችም ከየአግዳሚው ያንኑ አሉ።

«ደጊቱም ትናንት ሰው ሳያናግራት ያንኑ ቃል ነግራኛለች» አለ አየነው። «ሞተሩ እየሠራ ከዚያ ክፍል ውስጥ የገዛ ልጅ ልቅሶ አይሰማም። አወቀን የሰማችው በር ላይ ስለነበረች ነው። ደሙ ባሏን ስታነሳ የነካት ነው። አንተ ግን ሞተሩ አጠገብ ስለነበርክ ምንም አልሰማህም። ስማቸውን ከመታኸው በኋላ ታንከሩን ሞላኸው፤ ሞተሩ ቢጠፋ ሰው ወደ ጓሮ ይመጣ ነበር። ድንጋጤ ላይ ያለ ሰው እጁ የለመደውን ይሠራል። ጨርቁን ጥለህ ክዳኑን በፌስታል አጠበቅኸው፤ ሱቅህ ውስጥ እንዳሉት።»

አዝመራው ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ለመካድ አልሞከረም።

«ልገድለው አልገባሁም። ስሜን ሰሌዳው ላይ መልስልኝ ልለው ነው። ይሄን ሞተር የሠራሁት እኔ፣ አግዳሚውን የመታሁት እኔ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ‹ስምህን ማን ያውቀዋልና ነው?› አለኝ።»

ከዚያም ወደ ደጊቱ አየና ዓይኑን መለሰ።

«እሷ በአንተ ፋንታ ስትሄድ ዝም ልትል ነበር» አለው አየነው። ይህን ሲል ድምፁ ከፍ አላለም። የዚህን ሰው ቁስል ከእነ ቦታው ያውቀዋል። አውቆም አሳልፎ ሰጠው።

ፀጋው የደጊቱን እጅ ፈታ። እሷ ማንንም አላመሰገነችም፤ ልጇን ከሸጋ ተቀብላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ የታሰረበት ቦታ ላይ እጇን ታሻለች። አዝመራው ወደ መኪናው ተወሰደ። ሰውም ተከትሎ ወጣ።

መኪናው ሊነሳ ሲል ፀጋው በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ደህና ገምተሃል፣ አየነው። ሪፖርቱን እኔ እጽፈዋለሁ፤ አንተ መጥተህ ትፈርማለህ።»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳጅኑን አየ። አየነው ደብተሩን ብብቱ ሥር ከተተና በገበያው መንገድ ሄደ።