ሁለቱንም ስጡኝ

ሱዳም ለሃያ ሰባት ዓመት የስልሳ አንድ ቁጥር በር ጠባቂ ነበር። የካላምዋዲን መንደር ከጥጥ ማሳዋ የሚለየው የባቡር ሐዲድ ነው፤ ሐዲዱን የምታሻግረው ደግሞ ያቺ አንዲት በር ናት። ባቡር ሲመጣ መዘውሩን አዙሮ አግዳሚውን ብረት ያወርዳል፣ ሲያልፍ ያነሳል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ብረት ማውረድና ማንሳት! ሰው በዚህ ይከበራል እንዴ? አዎን፣ ሱዳም ይከበር ነበር። ከበሩ አጠገብ መሥሪያ ቤቱ በሰጠው አንድ ክፍል ቤት ከሚስቱ ከሩክሚኒና ልብስ ሰፍታ ቤቱን ከምትደግፍ ልጁ ከሻንታ ጋር ይኖራል። ሩክሚኒ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ከሥራ ወጥተዋል። በሳምንት ሁለት ቀን በባቡር መሥሪያ ቤቱ የሕክምና ካርድ ወደ ከተማ እየሄደች ደሟ ይታጠብላታል። ያ ካርድ እስትንፋሷ ነበር። እንዲያም ሆና ቀልድ አይለያትም። «ባሌ ለባቡር ሲሆን እንደ ጎረምሳ ይነሳል፤ ውኃ አቀብለኝ ስለው ግን ወገቡ ይይዘዋል!» ትላለች። ሱዳምም የማሽላ ቂጣውን እያኘከ ይስቃል። ማን ያውቃል፣ ምን እንደተዘጋጀላቸው?

የበሩ ሕግ እንዲህ ነው። ከጣቢያው ስልክ ይደወልና ሹሙ «ባቡር ልልክ ነው» ይላል። በረኛው ሄዶ በሩን ይዘጋል፣ ይቆልፋል፤ ተመልሶ በእጁ ካለው ወረቀት ላይ ተራው የደረሰውን ምስጢር ቁጥር በስልክ ያነባል። ሹሙ ቁጥሩን ከነሰዓቱ በመዝገብ ይጽፋል። ያ ቁጥር «በሩ ተዘግቷል» የሚል መሐላ ነው፤ ለባቡሩ አረንጓዴ መብራት የሚበራው ከመሐላው በኋላ ብቻ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ያማረ ነው። ግን በጥጥ ለቀማ ወራት ጋሪው በጋሪ ላይ ይደረደራል፣ በሬው አልንቀሳቀስ ይላል፣ ገበሬው ይሳደባል፤ ባቡሩ ለቆመበት ለእያንዳንዱ ደቂቃ ደግሞ የጣቢያው ሹም ዲግምበር ከበላይ ይጠየቃል። ስለዚህ ዲግምበር በስልክ «ሱዳም፣ ቁጥሩን ወዲህ በል፣ በሩን ከዚያ ትዘጋለህ!» ይላል። ሱዳም መጀመሪያ ፈራ፣ ቀጥሎ ለመደ፣ በመጨረሻም ረሳው። በዚያ መስመር ያለ በረኛ ሁሉ ቁጥሩን አስቀድሞ ነው የሚሰጠው። ተቆጣጣሪዎቹም በዓመት አንዴ እየመጡ «ሁሉ በሥርዓቱ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ማን ነገራቸው? ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ አሥር ዓመት አለፈ፤ አንድም ሰው አልሞተም።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ፀሐይዋ በጠራችበት ረፋድ፣ ቫይሻሊ ሞተች።

ቫይሻሊ የያሙና አንድያ ልጅ ነበረች። ያሙና ባሏ ጥሏት ከሄደ ጀምሮ በሰው ማሳ ጥጥ እየለቀመች ነው ያሳደገቻት፤ አሳድጋም አስተማሪ አደረገቻት። ትምህርት ቤቱ ከሐዲዱ ማዶ ስለሆነ ቫይሻሊ በየቀኑ በብስክሌቷ ትሻገራለች። የዚያን ዕለት ስልኩ ተደወለ፣ ሱዳም ቁጥሩን ሰጠ፣ ወደ መዘውሩም ሄደ። ጥጥ የጫነ ጋሪ ሐዲዱ መሃል ተቀርቅሮ አገኘ። ከገበሬው ጋር ገፍቶ፣ ገፍቶ አወጣው። ቀና ሲል ቫይሻሊ ከጋሪው ኋላ ስትመጣ አየ። ለካላምዋዲ ሰው ክፍት በር ማለት «እለፍ» ማለት ነው፤ እሷም ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደምታደርገው እጇን አውለበለበችለትና አለፈች… «ተመለሺ! ልጄ፣ ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ። የባቡሩ ጡሩንባ ድምፁን ዋጠው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም፤ የልጆቹ ደብተሮች እስከ ጥጡ ማሳ ድረስ ተበትነው ነበር፣ እሱ ይበቃል።

ሱዳምን ፖሊስ ያዘው፣ በዋስ ለቀቀው። መሥሪያ ቤቱም ከሥራ አገደው። ሁለት ወረቀት በአንድ ሳምንት መጣ፦ አንዱ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል የወንጀል ክስ፣ ሌላው የዲሲፕሊን ክስ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። መንደሩ በሻይ ቤቱ ደጅ ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ማሩቲ ምላጩን እየወዘወዘ፦

«አንድ ሰው ስንቴ ይሰቀላል?» አለ። «ይታሰር ካላችሁ እሰሩት። ይባረር ካላችሁ አባሩት። አስሮም፣ አባርሮም፣ የሕክምና ካርዱን ነጥቆ ሚስቱንም ገድሎ… ይኼ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?»

ያሙና ከመንገዱ ዳር ሰምታ ቆመች። የልጇን ሬሳ እንደ አገሩ ልማድ ካቃጠለች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው።

«ማሩቲ፣ ምላጭህን አስቀምጥና ስማኝ። ወህኒው ለልጄ ነው። ከሥራ መባረሩ ግን ለልጄ አይደለም፤ ነገ በዚያ በር ለሚሻገሩት ልጆች ነው። የትኛውን ልተውልህ? የሞተችውን ወይስ ያልሞቱትን?»

ማሩቲ ምላጩን አስቀመጠ።

የዲሲፕሊኑ ክስ ሊሰማ ሁለት ቀን ሲቀረው ሹሙ ዲግምበር እስከዚያ ቀን ረግጦት ወደማያውቀው የሱዳም ቤት መጣ። ሩክሚኒ የምትተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ሱዳም ቆሞ፣ ሻንታ በር ተደግፋ ነበር።

«ሱዳም ወንድሜ፣ ላንተ ነው የመጣሁት» አለ። «እንዲህ ብለህ ተናገር፦ ስልክ ሲደወል በሩን ዘጋሁ፣ ቁጥሩን ሰጠሁ፣ ከዚያ ገበሬዎቹ ሲጮኹብኝ መልሼ ከፈትኩ። በቃ። ይኼ የልብ መራራት ነው፣ ሰው ያዝንልሃል። ከሥራ አያባርሩህም፣ በጡረታ ነው የሚያሰናብቱህ። የጡረተኛ ደግሞ የሕክምና ካርዱ አይነጠቅም።» ወደ ሩክሚኒ ዞረ። «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪው።»

«ቁጥሩን ቀድመህ ስጥ ያልከውስ?» አለች ሻንታ።

«ልጄ፣ የት ተጽፏል? መዝገቡ በሩ ተዘግቷል ነው የሚለው።»

እውነቱን ነው። መዝገቡ ላይ በሩ ተዘግቶ ነበር። የዲግምበር እጅ ንጹሕ ነበር፤ ወረቀት ንጹሕ የሚያደርገውን ያህል ማን ያነጻል!

ሹሙ ሲወጣ ሱዳም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እለዋለሁ» አለ። «የተናገረውን ቃል በቃል እለዋለሁ። የሞተች ሞታለች፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አንቺን ግን አልቀብርም።»

ሩክሚኒ ያበጠ እጇን ዘርግታ ጆሮውን ያዘችው፤ እንደ ልጅ ነው የያዘችው።

«ስማ አንተ ሰውዬ። በእኔ ኩላሊት ሥር ተደብቀህ ልትዋሽ? ያቺ ልጅ እኮ እናቷ ማሳ ስትውል እዚሁ አልጋ ላይ ስትተኛ ነው ያደገችው። ዛሬ ብትዋሽ ነገም ጎረቤት በር ያለው በረኛ ቁጥሩን ቀድሞ ይሰጣል። ከነገ ወዲያ የማንን ልጅ ይገድላል? እኔስ ስንት ዓመት ልኖር ነው? ሁለት? ሦስት? በሰው ልጅ ሞት የተገዛ ሦስት ዓመት አልፈልግም!»

«አልቀብርሽም አልኩ እኮ…»

«ትቀብረኛለህ» አለች። «ቀና ብለህ ግን ቅበረኝ።»

ሻንታ ከቤት ወጥታ ሐዲዱ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። እናቷን መቃወም ፈለገች፤ ልጅ አይደለች? «ዋሽ አባዬ!» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፣ ሊወጣ ግን እምቢ አለ።

የዲሲፕሊኑ ክስ የተሰማው በጣቢያው የመንገደኞች ማረፊያ ክፍል ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው መርማሪ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ዲግምበር ከጎኑ፣ ያሙና በምስክር ወንበር፣ ሩክሚኒ በሻንታ ትከሻ ተደግፋ በር ላይ። ሱዳም ገባ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የትኛውን እንደሚናገር አልወሰነም። ሚስቱን አየ። እውነት ከተናገረ ያቺን ሴት በገዛ አፉ እንደሚገድላት ያውቃል። ከዚያ ያሙናን አየ።

«ጌታዬ፣ በሩን አልዘጋሁም» አለ። «ሳልዘጋ ዘግቻለሁ ብዬ ቁጥሩን ሰጠሁ። ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ አሥር ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ቁጥሩን ቀድመህ ስጥ የሚለኝ እኚህ አለቃ ናቸው። በዚህ መስመር የማይሰጥ በረኛ ካለ ይጠራና በፊቴ ይማል!»

ዲግምበር ከወንበሩ ብድግ አለ። «ውሸት ነው! ሊያጠፋኝ ነው!»

«ተቀመጡ አለቃ፣ አልጨረስኩም» አለ ሱዳም። ሃያ ሰባት ዓመት አለቃ ፊት አቀርቅሮ የቆየ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። «ጠበቃዬ ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት የለም ብለህ ተከራከር ይለኛል። አልከራከርም። ሁለት ነገር ነው ያጠፋሁት። ልጅ ገድያለሁ፤ ለእሷ እሰሩኝ። የተሰጠኝን በር ክጃለሁ፤ ለእሱ አባሩኝ። ሁለቱንም ስጡኝ! ግን ስልኩ ሁለት ጫፍ ነበረው። በወዲያኛው ጫፍ ለነበረውም ሁለቱንም ስጡት። እኔን በወህኒ፣ እሱን በደብዳቤ ከሆነ ግን ይኼ ፍርድ አይባልም። ድሃ ማሳደድ ነው!»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ያሙና እንደ ነጠላ በተከናነበችው ሳሪ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር፤ ያለቀሰችው ያኔ ነው፣ ልጇ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ምን ሆነ ትላላችሁ? እውነት ተሸለመች ትላላችሁ? ሱዳም ተባረረ። ፍርድ ቤቱም ሁለት ዓመት ፈረደበት። ዲግምበር «ለወደፊቱ ጥንቃቄ ያድርጉ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰውና ወደ ተሻለ ጣቢያ ተዛወረ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ የሚቆረጠው ግን ሁልጊዜ ጅራቱ ነው። የሕክምናው ካርድ ተነጠቀ፣ ቤቱን ልቀቁ ተባሉ። ሻንታ እናቷን በአውቶቡስ እየጫነች ወደ መንግሥት ሆስፒታል ታመላልሳት ጀመር። የማጠቢያው መሣሪያ ሁለት፣ የሚሰለፈው በሽተኛ መቶ። አንዳንድ ቀን ተራቸው ሳይደርስ ይመሻል። ሩክሚኒ ፊቷ አበጠ፣ እስትንፋሷ አጠረ፣ ቀልዷ ግን አልቀረም፤ «ለአባትሽ እሥር ቤት ቂጣ ማን ይጋግርለታል? ሲወፍር አየዋለሁ ብዬ ነበር…» ትላለች። በአምስተኛው ወር፣ ተራ እየጠበቁ ሳለ፣ በሻንታ ጭን ላይ ጭንቅላቷን እንዳሳረፈች ዝም አለች። ሻንታ ተራቸው ሲጠራ «አለን!» ብላ ጮኸች። አልነበረችም። ወይ እናት!

ለቀብሩ ሱዳምን ሁለት ፖሊሶች አጅበው አመጡት፤ ሬሳው የሚቃጠልበትን እንጨት የሚለኩሰው እሱ ነውና። ቃሬዛው አራት ትከሻ ይፈልጋል። ሱዳም አንዱን ያዘ፣ የሩክሚኒ ወንድም ሁለተኛውን። የሱዳም የሥራ ባልደረቦች ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ በአለቃ ላይ የተናገረን ሰው ሬሳ ተሸክሞ መታየት እንጀራ ያሳጣል። ማሩቲን እንኳ ያን ቀን ወገቡ አመመው። ሻንታ ወደፊት ወጣችና ሦስተኛውን ያዘች። ሴት ልጅ ሬሳ አትሸከምም ብሎ አንድ ሽማግሌ ሲያጉረመርም «እንግዲያው ና ያዝ!» አለችው። አልመጣም። አራተኛው ጫፍ መሬት ላይ ቀረ።

ያኔ ያሙና ከቤቷ ወጣች። ሳሪዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች፣ ጎንበስ ብላም አራተኛውን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አወጣች።

«እትዬ ያሙና» አለ ሱዳም። «ይኼ አይገባኝም…»

«ላንተ አይደለም» አለችው። «ለእሷ ነው። አንተን ይቅር አላልኩም። ስትፈታ ሥራው ይመለስለት ቢሉም እኔ እምቢ እላለሁ። አሁን ተራመድ፣ ሬሳ አይቁም።»

ተራመደ፤ ሚስቱ እንዳዘዘችውም ቀና ብሎ ነበር።

ሰው ይህን ሁሉ ዕጣ ፈንታ ነው ይላል። ያለቀሰውን ለማጽናናት ከሆነ ይበል፣ አልከለክልም። እኔ ግን አልቀበለውም። ዕጣ ፈንታ ስልክ አይደውልም፤ ቁጥሩን ቶሎ ወዲህ በል አይልም። ሁለት ሴቶችን የቀበርነው የሚያውቁ ሰዎች ዝም ስላሉ ነው፣ እኛም ጭምር። የማልቀሱን ነገር አልቅሰናል። ከዚያስ?

ከዚያማ፣ ሩክሚኒ በተቃጠለች በአሥራ አራተኛው ቀን ሻንታና ያሙና አንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በእጃቸው በዲግምበር ላይ የወንጀል ክስ እንዲከፈት፣ የዲሲፕሊን ውሳኔውም እንደገና እንዲታይ የሚል ማመልከቻ ነበር፤ ከታች የሰባት በረኞች የጣት አሻራ አለበት። ያ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሁሉ አይደለም የፈረመው፣ ሰባት ብቻ ናቸው። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ ስማቸውን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ ግራ ገባው።

«ቆይ» አለ። «ከእናንተ የሟች ወገን ማን ናት? የወንጀለኛውስ ወገን?»

«እኔ የሟች እናት ነኝ» አለች ያሙና። «እሷ ያሳሰርኩት ሰውዬ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ምን አገናኛችሁ?»

«እሱን ሁለት ጊዜ ቀጥታችሁታል። ያዘዘውን አለቃ ግን አንዴም አልቀጣችሁትም» አለች ሻንታ። «ማኅተምህን ምታልን፣ ተራችን እስኪጠራ እዚህ እንቀመጣለን።»

ጸሐፊው ሰዓቱን አየ፣ ነገ ኑ ሊል አፉን ከፈተ። ሁለቱ ሴቶች ግን አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ማኅተሙን አነሳ።