የጎደለችው ዓይን

ያን ዕለት የመሪጌታ ይርሳውን ፊት ያየ ሰው፣ ያስረከብናቸው ሥዕል ሳይሆን መርዶ ይመስለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላቀው ቡሬ ላይ ሥዕል የሚያስተምር ወጣት ነው። የጎረቤቴን የመሪጌታን ልጅ አቻምየለሽን ወደደ። በ1972 ዓ.ም. ሽማግሌ ሲልክ አንድ ሰው ጎደለና፣ «ከምንም ይሻላል» ብለው እኔን ጨመሩኝ።

ለእጅ መንሻ በውሃ ቀለም የሠራውን ሥዕል ሰጠን። ሥዕሉ ቀበሌው የሚሰበሰብበትን የድሮውን የባላባት አዳራሽ ውስጡን ያሳያል። የጥዱ ምሰሶ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች። በሴቶቹ በኩል አቻምየለሽ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ፊቷ በጎን ይታያል።

መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሣሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«አንድ ዓይን!» አሉ። «ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል። ባለ አንድ ዓይን ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው! ልጄ ምን በደለችው?»

ሦስታችንም ክው አልን። አስተዋይ ተብለን የተላክን ሰዎች፣ አንዳችንም ዓይን አልቆጠርንም!

«በሉ ተነሡ። ለእሱ የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ደጃፉ ላይ ስንደርስ አቻምየለሽ ከጓዳ ወጣች። መልሰን የያዝነውን ሥዕል አየችው። ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ እንደገና አየችው።

«አባየ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱ የሚቀመጠው በወንዶቹ በኩል ነው። ዓመት ሙሉ ያየኝ በጎን ነው።»

«ፊት ለፊትስ?»

«‹ስብሰባ ላይ ወደ ወንዶች እንዳትዞሪ› ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

አሁን የደነገጡት መሪጌታ ሆኑ። መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያ ዓይኗን ያጎደልሁት እኔ ነኛ!» አሉ። «ጥሩት። እዚያው አዳራሽ፣ እኔ እያየሁ፣ ሁለቱንም ይሣል። ከዚያ እንነጋገራለን።»

እሑድ ላቀው ብሩሹንና አንድ ጣሳ ውሃ ይዞ መጣ። አቻምየለሽ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። እኔ ሽማግሌው አፈርሁና ጣራ ጣራውን አየሁ።

ብንቆይ ብንቆይ፣ ወረቀቱ ነጭ ነው።

«ምነው መምህር፣ አትሥልም እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«ይታገሡኝ መሪጌታ» አለ ላቀው፤ «ገና እያየኋት ነው።»

መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እስክትጠግባት ጥር ይደርሳል» አሉና የሠርጉን ቀን ቆረጡልን።