ውሃ ያላስለቀቀው ቅብ

ኬሚስቷ ወድቃ ሞታ የተገኘችው ወደ መሞከሪያው የውሃ ገንዳ በሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር ነው። ጠዋት ጠዋት ቀድማ የምትወጣው እሷ ነበረች። ደረጃውን ከታች ሆና በውሃ ጎማ የምታጥበው ደግሞ እዚያው የምትሠራው ታናሽ እህቷ ናት። በዋዜማው ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷል። ስለዚህ ታናሺቱ ሆን ብላ ሳሙና ትታበታለች ተባለና ልትታሰር ሆነ።

ለክሱ የቀረውን እንድትጨርስ የተላከችው መርማሪ «ዳሳሿ» ትባላለች። በእጇ ያልነካችውን ነገር አታምንም። ይህ አመሏ ስንቱን አለቃ አሳብዷል።

«ትቀኚባት ነበር ይላሉ» አለቻት እህትየውን።

«እቀናባት ነበር። እናታችን እንኳ እንግዳ ሲመጣ የምታወራው ስለ እሷ ነው፤ እኔ ሻይ አቀርባለሁ። ግን ሳሙና አልነካሁም። ገንዳው ውስጥ ከገባ ሙከራዋ ይበላሻል።»

«ሙከራው ምንድን ነው?»

«ብርጭቆና ብረት ላይ የምትቀባው ስስ ቅብ ነው። ሲደርቅ የለም ያሰኛል፤ ሲረጥብ ያሙለጨልጫል፤ ቆሻሻ አያስይዝም። የሌሎቹ ኬሚስቶች ቅብ ላይ ላዩን ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲሰነብት ይላጣል። የእሷ ግን እንደ ሣር ሥር ይዞ ከብረቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ገንዳው ውስጥ ከርሞም አልለቀቀም። በየቀኑ የምለካው እኔ ነኝ።»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ክራባቱን እያላላ፣ «ቅቡ ይጸናል ብዬ በሰው ፊት ስሜን አስይዣለሁ። እሷ ስትሞት እኔም ባዶ እጄን ቀረሁ» አላት ዳሳሿን።

የሟቿ ባልም እዚያው የሚሠራ ኬሚስት ነው። የሐዘን ልብሱ በደንብ ተተኩሷል።

«ስለ ቅቡ ምን ይላሉ?» አለችው።

«ነፍሷን ይማርና፣ እሱ ነገር ውሃ አይችልም። እኔ የሠራሁትስ መቼ ቻለ? ትንሽ ሲታጠብ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ዝም ብለው ነው ያጨበጨቡላት።»

ሚስቱን ገና የቀበረ ሰው እንዲህ ይናገራል? ዳሳሿ ወደ ደረጃው ሄዳ እያንዳንዱን በደረቁ ዳሰሰች፤ ሁሉም አንድ ነው። ጎማውን ከፍታ ውሃ እያፈሰሰች ደገመች። ሦስተኛው ላይ እጇ ተንሸራተተ። እህትየውን፣ ኃላፊውንና ባልየውን እዚያው አስጠራቻቸው።

«ንኩት» አለች። «ሳሙና ቢሆን ፖሊሶች ደሙን ሲያጥቡ አብሮ በሄደ ነበር። ይሄ የሟቿ ቅብ ነው። ከጠርሙሷ ተሰርቆ ተቀባ፤ ጠዋት እህቷ ስታጥበው ወጥመድ ሆነ።»

«ታዲያ ማን ቀባው?» አለ ኃላፊው።

«መቀባቱንማ ሦስታችሁም ታውቁበታላችሁ። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። በሩ ለሦስታችሁም ክፍት ሆኖ ሳለ ገዳዩ ማስረጃውን ለምን ፍቆ አላነሳውም? እህትየው እንደማይለቅ እየለካች ነው የኖረችው፤ እሷ ብትሆን ትፍቀው ነበር። እርስዎም ይጸናል ብለው ስምዎን አስይዘዋል። ውሃው ይወስድልኛል ብሎ ከልቡ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ። እህትየው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

ባልየው አልካደም። «ሰላም የሚለኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው» አለ። «አልጋዬ ላይ ተኝቼ እንኳ የእሷ ባል ነበርኩ።»

እጁ ሊታሰር ሲል ተንበረከከ። ሦስተኛውን ደረጃ በእርጥብ ጣቱ አሸው፤ በጥፍሩ ቧጠጠው፤ እንደገና አሸው። ጣቱ አሁንም ይንሸራተታል።

«ምን ጨምራበት ነው እንዲህ የያዘው?» አላት እህትየውን፣ ቀና ሳይል።

እህትየው ታውቃለች። እንባዋን ጠረገችና ጎማውን ዘጋች፤ አልነገረችውም።