«ባለመኪናው» የተፋቀበት ገጽ

ታላቁ ጦርነት ካበቃ ዘጠነኛው ዓመት ነበር፤ ወሩም የበጋው አቧራ ከጠዋት እስከ ማታ የማያርፍበት። ከባቡር ጣቢያው ወደ ወንዙ በሚወርደው ሰፊ ጎዳና ላይ የመኪና አስመጪው ኩባንያ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ቆሞ ነበር፤ የኩባንያው ሒሳብ ሹምም እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድሞ ገባ፤ ኮቱን ሰቀለ፤ እጅጌውን ከቀለም የሚጠብቅለትን ጥቁር ጨርቅ እስከ ክርኑ ሳበ፤ ከባዱንም መዝገብ ከካዝናው አወጣ። በዚያች ወንበር ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦባታል፤ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። የእጅ ጽሕፈቱ ማማር በከተማው ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነበርና በዚህች ነገር ትንሽ መኩራራት ይወድ ነበር።

በዚያ ዘመን የጭነት መኪና በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሹፌር አልነበረም። ኩባንያው መኪናውን በኪራይ ግዥ ይሰጥና ዋጋውን በሃያ አራት ወር ይቀበላል፤ ነገር ግን የመጨረሻዋ ወር እስክትከፈል ድረስ መኪናው የኩባንያው ነው፤ የሚከፈለውም ሁሉ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው «ኪራይ» ተብሎ ነው። ገዢው አንዲት ወር ካጓደለ ኩባንያው መኪናውን ይነጥቀዋል፤ ሃያ ወር ይክፈል ሃያ ሦስት፣ የከፈለውን ሁሉ ውሃ ይበላዋል፤ ኪራይ ነበራ! ሕጋዊ ነው ይባል ነበር። ዓይንን በጨው ታጥቦ የሚሠራ ሕጋዊ ነገር ደግሞ በዚያ ዘመን ሞልቶ ነበር።

ከገዢዎቹ አንዱን ሰው ሁሉ «ባለመኪናው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት መኪና ከመያዙ በፊት፣ ገና ጭነት አውራጅ ሳለ ነው፤ «እኔ መኪና ስገዛ» ማለት ስለሚያበዛ ጓደኞቹ እየሳቁ አወጡለት፤ ኋላም እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ጠፋ። ሒሳብ ሹሙም ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን የከፈተለት ዕለት፣ አፉ የለመደው ስም እጁን ቀደመውና በገጹ ራስ ላይ «ተከራይ» ብሎ መጻፍ ሲገባው «ባለመኪናው» ብሎ ጻፈ። ሃያ ሁለት ወር ሙሉ ማንም ልብ አላለውም።

በሃያ ሦስተኛው ወር በድንበር ላይ ጦርነት ተነሣ፤ መንግሥትም ነዳጁ ሁሉ ለሠራዊቱ እንዲሆን አዘዘ። የጭነት መኪኖች ቆሙ። ባለመኪናው አንድ ቀን ሳያጓድል ሲከፍል ኖሮ አሥራ አንድ ቀን ዘገየ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተበድሮ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ገንዘብ ያዡ አልቀበልም አለው፤ መኪናው በዚያው ጠዋት ከደጁ ተጎትቶ ነበር። ሰውየው ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም መዝገቡ በማግስቱ እንዲቀርብ አዘዘ።

ሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ሹሙን ያስጠራው ያን ጊዜ ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ሽቶው ደጅ ድረስ የሚቀበል ሰው ነበር፤ ሲናገር በትንሽ ሞረድ ጥፍሩን ይሞርዳል፤ ብናኙንም እፍ እያለ በሰው ፊት ያራግፋል።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን አይተውታል?» አለ።

«አይቼዋለሁ ጌታዬ።»

«‹ባለመኪናው› ይላል! በገዛ መዝገባችን፣ በእርስዎ እጅ! ነገ ዳኛው ኩባንያው ራሱ ባለቤት ብሎታል ቢሉ ምን እንመልሳለን?»

«ቅጽል ስሙ ነው ጌታዬ፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው።»

«እንግዲያው ስሕተት ነዋ! ስሕተት ደግሞ ይታረማል።» ከመሳቢያው አዲስ ምላጭ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አንሸራተተለት። «ፋቅ ያድርጉትና ‹ተከራይ› ይበሉት። በእርስዎ እጅ ከተጻፈ ማን ያውቃል? ለመሆኑ፣ ጡረታዎ ስንት ወር ቀረው?»

ሒሳብ ሹሙ ምላጩን ይዞ ወጣ። በሩን ዘግቶ ፋቀ፤ ጻፈም። አምሮ ተጻፈ። ከሌሎቹ ጋር መመሳሰሉን ለማየት የቆዩትን ገጾች ሲገልጥ ግን ዓይኑ የሞተር ቁጥሩ ላይ አረፈ። በገጽ አርባ አንድ ያው ቁጥር፤ በገጽ ሰባ ስድስትም ያው ቁጥር። አንዱ መኪና ሦስት ጊዜ ተሸጧል፤ ፊተኛው ሰው በሃያ አንደኛው ወር፣ ሁለተኛው በሃያ ሁለተኛው ወር ተነጥቋል፤ የመኪናው ዋጋ በእርጅና ስም በየዓመቱ ሲቀነስ ኖሮ በመዝገቡ ላይ ከቁራጭ ብረት አይበልጥም፤ ኪራዩ ግን እንደ አዲስ ይጎርፋል። ይህን ሁሉ የጻፈው ማን ነው? እሱ ራሱ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው እጅ! ሥራ አስኪያጁን ተጸየፈው፤ ከሥራ አስኪያጁም ይልቅ ራሱን ተጸየፈ።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ።

«ምን ነክተህ ነው አንተ? ሳሙናውን ጨረስከው እኮ!» አለች ሚስቱ።

«ቀለም ነው።»

«ቀለምህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጥብ ኖሬ አላውቀውም? ይልቅ ንገረኝ።»

ነገራት። ጭልፋውን አስቀምጣ ቆማ ሰማችው።

«እና ጻፍከው?»

«ጡረታችን...»

«ጡረታችንማ ይገባኛል። ያለሱ ምን አለን? ግን ያን ብር ይዤ ገበያ መውጣት እኔን ይቀፈኛል። በቃ፣ ይቀፈኛል።»

ምሳው ሳይነካ ተነሣ።

በማግስቱ በችሎት ዳኛው መዝገቡን ከፍተው፣ «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ» አለ ሒሳብ ሹሙ፤ «ቃሉ ግን የእኔ አይደለም።»

ችሎቱ አጉረመረመ። እሱም ገጹን ወደ መስኮቱ አንሥተው እንዲያዩት ለመነ፤ የተፋቀው ወረቀት ሳስቶ ብርሃኑ በውስጡ ዘለቀ። «ትናንት ጠዋት በምላጭ ፋቅሁት። ‹ባለመኪናው› ነበር የሚለው። ታዝዤ ነው፤ ፈርቼም ነው» አለ። ቀጥሎም ሦስቱን ገጾች እያወጣ የሞተር ቁጥሩን አነበበ። ዳኛው ሦስት ጊዜ አስደገሙት።

ያን ዕለት ባለመኪናው ሁለቱን ቀሪ ወሮች ከፍሎ መኪናውን እንዲወስድ ተፈረደለት። ስለ ሌሎቹ ሁለት ሰዎች ግን ዳኛው፣ «ክስ አላቀረቡም» ብለው መዝገቡን ዘጉ። ሒሳብ ሹሙ ደጅ ላይ ከባለመኪናው ጋር ተገጣጠመ፤ ምስጋና ጠብቆ እንደሆነ እንጃ።

«እስከ ትናንት ድረስ ደግ ሰው ይመስሉኝ ነበር» አለው ባለመኪናው፤ ቁልፉን ጨብጦም ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ኩባንያው ሒሳብ ሹሙን አባረረው፤ ጡረታውም ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሻጭ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መኪና እንዳይነጥቅ የሚከለክል አዋጅ ወጣ፤ አዋጁ እስከ ዛሬ የሚጠራው ባወጣው ሚኒስትር ስም ነው። ፍርዱም በሕግ መጻሕፍት ታትሟል፤ ሒሳብ ሹሙ እዚያ ውስጥ «አንድ ምስክር» ተብሏል።

እሱ ግን ሁለቱን ሰዎች ሲፈልግ ኖረ። ፊተኛው ሞቶ ነበር። የገጽ ሰባ ስድስቱን ሰው በአንድ የእህል መጋዘን ደጅ በዘበኝነት ተቀጥሮ አገኘውና ስለ መኪናው፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ኪራዩ አንድ በአንድ ነገረው።

«እኔ እኮ ጥፋቱ የራሴ መስሎኝ ነበር» አለ ዘበኛው። «ሚስቴ ያን ሁሉ ገንዘብ የት አደረስከው ስትለኝ ማስረዳት አቃተኝ። ጠጥቶት ነው ብላ እንዳመነች ሞተች።»

ታሪክ አዋጁን ያስታውሳል፤ የወጣበትን ቀንና የፈረመውን ሰው ጭምር። የዚያችን ሴት ነገር ግን ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም።