ዋና አለመጣጣም

«ሰምተሻል? የጥራት ኦዲተሩ የሚመጣው ወረቀት የሌለውን አሰልጣኝ ሊያስወጣ ነው አሉ!»

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ፣ «እትዬ ስቶር» የምንላቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ነገሩኝ። የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ ስወስድ ይነግሩኛል፤ ጓንት ስመልስ ይደግሙልኛል።

ወረቀት የሌለኝ እኔ ነኝ። ብየዳ የተማርኩት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ፣ እያየሁና እጄን እያቃጠልኩ ነው። በዚህ የሙያ ኮሌጅ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ወርክሾፕ ብወጣ የምገባበት የለኝም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ረዥም ወጣት በሩን ገፍቶ ገባ።

«አርፍደሃል!» አልኩት። «ጭምብል አድርግና እዚያ ቁም!»

«እኔ እንኳን...»

«‹እንኳን ደህና መጣህ› አላልኩህም። ቁም!»

ቆመ። እንዲበይድ ኤሌክትሮድ ሰጠሁት፤ ብረቱ ላይ አጣብቆት አረፈ። ሰልጣኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ጎበዝ! ይኼ ብየዳ ነው ወይስ ማስቲካ?»

ጭምብሉን አነሳ። ላብ አጥምቆታል፤ ዓይኖቹ ግን ይስቃሉ።

«ኦዲተሩ ነኝ» አለ በቀስታ።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሦስት ቀን አብሮን ዋለ። ምሳ ሰዓት አጠገቤ ይቀመጣል። እሱ «እርስዎ» ይለኛል፤ እኔ ግን አንዴ «አንተ» ብዬዋለሁና ወደኋላ አልመለስም።

«ብየዳው ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«በድምፁ። ከተቆራረጠ እጅ ፈርቷል ማለት ነው።»

«የኔስ ድምፅ?»

«የልጆቹ ሳቅ ዋጠው።»

ሳቀ። ሳቁን ወደድኩት... ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

በአራተኛው ቀን ረቂቅ ሪፖርቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶት አየሁ። «ዋና አለመጣጣም፦ የብየዳ አሰልጣኟ የብቃት ማረጋገጫ የላትም።»

በኦዲተሮች ቋንቋ ከባዱ ጉድለት ማለት ነው። በር ላይ ጠበቅሁት።

«ሦስት ቀን ከጎኔ የበላኸው ለዚህ ነው? አለመጣጣም ማለት እኔ ነኝ?»

«እስከ መጨረሻው አነበብሽው?»

«የመጀመሪያው መስመር ይበቃኛል!»

«እንግዲያው ያንቺ ጥፋት እሱ ብቻ ነው!» ድምፁ ከፍ አለ። «አለመጣጣሙን የጻፍኩት በኮሌጁ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሲያሠሩሽ አንድ ቀን ለምዘና አልላኩሽም። የእርማት እርምጃውን ከታች አስፍሬዋለሁ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያስመዝኑሻል። እጅሽን አይቻለሁ... ታልፊያለሽ።»

ተመልሼ ሪፖርቱን እስከ ታች አነበብኩት፤ እንዳለው ነበር። ደግሞም «አንቺ» ብሎኛል...

በሦስተኛው ሳምንት ከውጭ በመጡ መዛኞች ፊት በየድኩ። እጄ አልከዳኝም። መዛኙ ብየዳዬን በመዶሻ መታው፣ ቆርጦ አገላብጦ አየው፣ ከዚያ «ብቁ» ብሎ ጻፈ።

እፎይ...! ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ በደንብ ተንፍሼ አላውቅም ነበር።

ኦዲተሩ ከውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

«ኦዲቱ ተዘግቷል» አለኝ። «አሁን መናገር እችላለሁ። በእኔና በአንቺ መካከል ምንም አለመጣጣም አላገኘሁም።»

«በደንብ አልፈተሽክማ!»

«ዕድሜ ልኬን ልፈትሽ?»

«...ፈትሽ።»

በዓመቱ ተጋባን። ሠርጉ ባለፈ በወሩ የኮሌጁ ዲን ጡረታ ወጡ፤ መሳቢያቸውን ሲያጸዱ ያገኙትን፣ ከበላይ ቢሮ መጥቶ የረሱትን አንድ ደብዳቤ እያፈሩ ሰጡኝ። የተጻፈው ኦዲቱ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ነው። «ከአምስት ዓመት በላይ ያሰለጠኑ አሰልጣኞች ያለ ምዘና በሥራቸው ይቀጥላሉ» ይላል።